የመጀመሪያ ጠላችሁ፦ ከብቅል እስከ ማጥለያው

ጠላ ሲበላሽ ብዙ ሰው ጌሾውን ወይም ውሃውን ይወቅሳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ጥድፊያው ላይ ነው፦ ጥንስሱ (የጌሾና የብቅል ብጥብጡ) ሳይነሣ ቂጣው ይገባል፣ ቂጣው ሳይሟሟ እንኩሮው (ምጣድ ላይ የበሰለው እርጥብ ዱቄት) ይከተላል፣ ድፍድፉ (የሁሉም ድብልቅ) ሳይበስል ውሃ ይሞላበታል። ከዚህ በታች የተቀመጡት ቀኖች የቤቱ ሙቀት ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ለሆነበት፣ እንደ አዲስ አበባ ላለ ደጋማ ቦታ የተሰሉ ናቸው። ቆላ ያላችሁ ከየደረጃው አንድ ቀን ታሳጥራላችሁ፤ በክረምት የምትጠምቁ ደግሞ አንድ ሁለት ቀን ትጨምራላችሁ። ምልክቱን ሳታዩ ግን ቀኑ ስለደረሰ ብቻ አትለፉ።

መጠኑ ለጀማሪ እንዲሆን ተመጥኗል። 13 ወይም 14 ሊትር የተጠለለ ጠላ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ 4 ሊትር ያህል ቅራሪ (አተላው ላይ እንደገና ውሃ ተጨምሮ የሚጠለል ቀጭን ጠላ) ይወጣዋል።

የሚያስፈልገው

- የተፈጨ ብቅል፣ 800 ግራም
- ደርቆ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል፣ 200 ግራም
- የተከተፈ የጌሾ እንጨት፣ 100 ግራም
- ለቂጣ፣ 1 ኪሎ የገብስ ወይም የስንዴ ዱቄት
- ለእንኩሮ፣ 1 ኪሎ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ (አሻሮ) እና 1 ኪሎ ተኩል የበቆሎ ወይም የማሽላ ዱቄት
- ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ በጠቅላላ 24 ሊትር ያህል
- 30 ሊትር የሚይዝ ጋን፣ ወይም ለምግብ የተሠራ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ባልዲ
- ግራዋ፣ የወይራ እንጨት፣ ወንፊት፣ ንጹሕ አቡጀዲ፣ ረዥም ማማሰያ

እህሉን እንደ አገራችሁ መቀያየር ትችላላችሁ። ገብስ ብቻ ከሆነ ጠላው ወፈር ይላል፤ በቆሎ ያቀለዋል፤ ዳጉሳ ቀላ ያደርገዋል፣ ጉልበትም ይሰጠዋል። የመጀመሪያው ላይ ግን ገብስና በቆሎ ይዛችሁ ብትነሡ ይሻላል። ሁለቱም በቀላሉ ይበስላሉ፣ ስሕተትም ይችላሉ።

ጌሾውን በእጃችሁ አሽታችሁ ግዙ። አረንጓዴነቱን የያዘና ሲታሽ ሽታው ቶሎ የሚወጣ መሆን አለበት። ቡናማ ሆኖ እንደ ገለባ የሚሸት ጌሾ ዓመት ያለፈበት ነው፤ መጠኑን ብታበዙት እንኳ የሚሰጠው ምሬት ብቻ ነው። ጌሾ ለጠላ የሚያገለግለው ሆፕ ለቢራ የሚያገለግለውን ያህል ነው፦ ምሬትና መዓዛ ይሰጣል፣ ጠላው እንዳይበላሽም ያግዛል። ከቅጠሉና ከእንጨቱ ላይ የሚገኘው እርሾ ደግሞ መፍላቱን ከሚያስነሣው አንዱ ነው።

ብቅሉን ቤት ማብቀል

የገበያ ብቅል ይሠራል፤ ግን ምን ያህል እንደቆየ አይታወቅም። በራሳችሁ ብታበቅሉ ጠላው ላይ ለውጡ ይታያል። 1 ኪሎ ገብስ ከ800 ግራም በላይ ደረቅ ብቅል ይሰጣል።

ገብሱ ለዘር የሚሆን፣ ያልተሸከሸከ መሆን አለበት። የተሰበረውንና የነቀዘውን ለቅማችሁ እጠቡትና 24 ሰዓት ዘፍዝፉት፤ በየ8 ሰዓቱ ውሃውን ቀይሩ። ከዚያ አጠንፍፉትና በኮባ ቅጠል ወይም በረጠበ ንጹሕ ጆንያ ላይ ሦስት ጣት ውፍረት አድርጋችሁ አስጡት፤ በላዩም ሸፍኑት። ጧትና ማታ በእጃችሁ ገልብጡት፣ ከደረቀም ውሃ እርጩበት። እጃችሁን ወደ ውስጥ ስታስገቡ የሚያቃጥል ሙቀት ከተሰማችሁ ክምሩ ወፍሯል ማለት ነው፤ ሳሳ አድርጉት። ያ ሙቀት ከቆየ ይሻግታል።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ከገብሱ ግርጌ ነጫጭ ሥሮች ይወጣሉ። ሥሩ የፍሬውን ቁመት ሲያህል አቁሙ። አንዷን ፍሬ በጥፍራችሁ ሰንጥቁና እዩ፦ ከገለባው ሥር ያለው ቡቃያ የፍሬውን ሦስት አራተኛ ደርሶ ከሆነ ልክ ነው። አረንጓዴው ቡቃያ ወጥቶ ከረዘመ ግን እህሉ ስኳር የሚሆነውን ክፍል ራሱ በልቶታል። ከዚያ በሰፌድ ላይ ሳሳ አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ቀን በፀሐይ አድርቁት፤ ሲነከስ ጠቅ ማለት አለበት፣ አፍ ውስጥም መጣፈጥ አለበት። በእሳት ላይ አታድርቁት። እህሉን ወደ ስኳር የሚለውጠው በብቅሉ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ነው፤ እርጥብ ብቅል ኃይለኛ ሙቀት ካገኘው ኢንዛይሙ ይሞታል፣ የሚቀራችሁም የተቆላ ገብስ ብቻ ይሆናል።

ጥቁር፣ አረንጓዴ ወይም ቀይ ሻጋታ የታየበት ብቅል ሙሉ በሙሉ ይጣላል። መልቀም፣ ማጠብ፣ መቁላት አያድነውም። ሻጋታው የሚተወው መርዝ በምጣድ ሙቀት አይጠፋም።

ዕቃውን ማዘጋጀት

ከሁሉ በላይ ጊዜ የምትሰጡት ለዚህ ይሁን። አዲስ ጋን ከሆነ መጀመሪያ መሟሸት አለበት፦ ውሃና አተላ ወይም ያገለገለ ጌሾ ሞልታችሁ ሦስት አራት ቀን አቆዩት፣ ከዚያ ደፍታችሁ እጠቡት። ያልተሟሸ ጋን ጠላውን አፈር አፈር እንዲል ያደርገዋል።

ያገለገለ ጋን በግራዋ ይታጠባል። ሁለት እፍኝ እርጥብ ግራዋ ከትንሽ ውሃ ጋር አስገቡና ቅጠሉ እስኪደቅ የጋኑን ሆድና አንገት እሹ፤ አፍስሱ፤ እንደገና። ሦስት ጊዜ ይበቃል። አንገቱ ሥር ያለውን እጥፋት አትርሱ፤ የባለፈው ጠላ ቅሪት የሚደበቀው እዚያ ነው። በመጨረሻ አፍንጫችሁን አስገቡ። የሆምጣጤ ሽታ ካለ ገና አልጠራም። የፕላስቲክ ባልዲ ከሆነ በሙቅ ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና፣ በለስላሳ ስፖንጅ ታጥቦ በደንብ ይለቅለቅ። በሽቦ አትፈትጉት፤ በጭረቱ ውስጥ ባክቴሪያ ይደበቃል።

ማጠኑ እንዲህ ነው። ገል ላይ ፍም አድርጉ፣ ጣት ያህል የሆኑ ሦስት አራት የደረቀ ወይራ ስንጥር ጨምሩበት፣ ነበልባሉ ጠፍቶ ወፍራም ጢስ ሲወጣ ጋኑን በላዩ ድፉት። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በኋላ ስታነሡት ውስጡ ሞቆ፣ የወይራው ሽታ ግድግዳው ላይ መቅረት አለበት። ፕላስቲክ አይታጠንም፣ ይቀልጣል። በምትኩ ውሃው የሚቀዘቅዝበትን የማይዝግ ብረት ድስት አጥናችሁ ውሃውን እዚያ ውስጥ ብታሳድሩት መዓዛው ይደርሳል።

የዚንክ ባልዲ፣ ቀለም የተቀባ በርሜልና ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን በጭራሽ አትጠቀሙ። ጠላ ኮምጣጣ ስለሆነ ብረቱንና ቀለሙን ይበላል፤ የበላውም ወደ ጣሳችሁ ይመጣል።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ። ሸክላ ጋን በጭቃ ቢመረግም ትንሽ ይተነፍሳል። ፕላስቲክና ጠርሙስ ግን አይተነፍሱም። ጠላ ሲፈላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያወጣ ጥርቅም አድርጎ የተዘጋ ባልዲ ክዳኑን ይወረውራል፣ ጠርሙስ ከሆነም ይፈነዳል። ክዳኑን ብሱና ቀጭን የላስቲክ ቱቦ አስገቡበት፤ ዙሪያውን በደንብ አሽጉ፣ የቱቦውን ሌላ ጫፍ ደግሞ ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ጥለቅ አድርጉት። ጋዙ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል፣ አየር ግን አይገባም። በዚያውም መፍላቱን በዓይናችሁ ትከታተላላችሁ።

1. ጥንስስ (ከ1ኛ እስከ 4ኛ ቀን)

200 ግራም የጌሾ ቅጠል ዱቄትና 100 ግራም ብቅል በ3 ሊትር ለብ ያለ ውሃ በጥብጡ። ለብ ያለ ማለት ጣት ሲገባበት ሙቀትም ቅዝቃዜም የማይሰማበት፣ ከ35 ዲግሪ የማይበልጥ ነው። ክደኑትና በቀን አንድ ጊዜ በንጹሕ ማማሰያ አማስሉት።

በመጀመሪያው ቀን ጌሾው ላይ ተንሳፍፎ ይቀመጣል፣ ሽታውም የቅጠል ብቻ ነው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጠርዙ ላይ እንደ ስፌት መርፌ ጫፍ ያሉ ጥቃቅን አረፋዎች ይደረደራሉ። ሲማሰል ፍስስ ይላል፣ ሽታውም ወደ ፍራፍሬ ይቀየራል። ጆሮ ጠጋ ሲደረግ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ዓይነት ድምፅ ሲሰማ ጥንስሱ ተነሥቷል። በ5ኛው ቀን ካልተነሣ ወይ ቤቱ ቀዝቅዟል፣ ወይ ውሃው ሙቅ ነበር፣ ወይ ጌሾው አርጅቷል። ወደ ሞቀ ቦታ አዙሩት፤ በ24 ሰዓት ለውጥ ከሌለ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ደረቅ የዳቦ እርሾ ጨምሩ። እርሾው ከዚያው ወገን ስለሆነ ጠላውን አይጎዳውም።

2. ቂጣው (ከ4ኛ እስከ 6ኛ ቀን)

1 ኪሎ ዱቄት ከ650 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ጋር አቡክታችሁ ግማሽ ሰዓት አሳርፉት። ከዚያ ጣት ውፍረት ያለው ቂጣ ጋግሩ፤ ሁለቱም ፊት በደንብ ይብሰል። እዚህም እዚያም ጠቆር ማለቱ ለጠላው ቀለም ይሰጠዋል፤ ሙሉ በሙሉ ካረረ ግን የአመድ ምሬት ያመጣል። ሲቀዘቅዝ በእጃችሁ ቆራርሱት፣ ከ500 ግራም ብቅል፣ ከተከተፈው የጌሾ እንጨትና ከ2 ሊትር ውሃ ጋር ወደ ጥንስሱ ጨምሩ።

ቂጣና እንኩሮ ለምን እንደሚያስፈልጉ የሚጠይቅ ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ነው የጠየቀው። በጥሬ እህል ውስጥ ያለው ስታርች የተቆለፈ ነው፤ የብቅሉ ኢንዛይም በቀላሉ አይደርስበትም። በውሃና በእሳት ሲበስል ይከፈታል፤ ኢንዛይሙ ወደ ስኳር ይለውጠዋል፤ እርሾው ስኳሩን በልቶ አልኮልና ጋዝ ያወጣል። ጥሬ ዱቄት የገባበት ጠላ ስታርቹ ሳይለወጥ ስለሚቀር ዱቄት ዱቄት ይላል፣ ጉልበት የለውም፣ ሲቀመጥም አይጠራም።

በሁለት ቀን ውስጥ ቂጣው ይፈርሳል። ላዩ ላይ አረፋ ይከመራል፤ አንዳንዴ እስከ አንገት ይደርሳልና ዕቃውን ከግማሽ በላይ አትሙሉ። ማማሰያው ሲገባ ድፍን ቁራጭ ካላገኘ ወደሚቀጥለው እለፉ።

3. እንኩሮና ድፍድፍ (ከ6ኛ እስከ 13ኛ ቀን)

አሻሮ ማለት ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ነው። ገብሱን እንደ ቆሎ ሳይሆን ከዚያ ጠቆር አድርጋችሁ፣ የቡና ቀለም እስኪጠጋ ቁሉት። ጥቁር ጠላ የምትፈልጉ ረዘም አድርጉ።

የአሻሮውንና የበቆሎውን ዱቄት ቀላቅላችሁ 1.2 ሊትር ያህል ውሃ ጥቂት በጥቂት እየረጫችሁ በእጃችሁ እሹት። ሊጥ መሆን የለበትም። እፍኝ ይዛችሁ ስትጨብጡት የሚጣበቅ፣ በጣት ስትነኩት የሚፈርስ፣ እርጥብ አሸዋ የሚመስል ይሁን። ሦስት ቦታ ክፈሉትና እያንዳንዱን ክፍል በየተራ በጋለ ምጣድ ላይ በመካከለኛ እሳት ከ20 እስከ 25 ደቂቃ እያገላበጣችሁ አብስሉት። ከሥሩ የሚይዘውን በእንጨት ፈቅፍቁት፣ የሚጓጉለውን ከባቄላ ሳይበልጥ ሰባብሩት። መብሰሉን ሽታው ይነግራችኋል፦ የጥሬ ዱቄት ሽታ ጠፍቶ የትኩስ ዳቦ ሽታ ይተካዋል።

አሁን ትዕግሥት። እንኩሮው ውጭው ቀዝቅዞ መሃሉ ትኩስ ሆኖ ይቆያል። ገበቴ ላይ ዘርግታችሁ ሁለት ሰዓት ተዉት፤ እጃችሁን መሃሉ ከትታችሁ ሙቀት ካልተሰማችሁ ብቻ ወደ ዕቃው ይግባ። ትኩስ እንኩሮ እርሾውን ይገድለዋል፤ ጥንስሱን ለማስነሣት የጠበቃችሁት ሁሉ በአምስት ደቂቃ ይጠፋል። የቀረውን 200 ግራም ብቅልና 3 ሊትር ውሃ ጨምሩ፤ ከታች ድረስ አማስሉት። ማማሰያው መሃል ላይ ሲቆም ቀስ ብሎ የሚያዘነብል ከሆነ ውፍረቱ ልክ ነው። ድፍድፍ የሚባለው ይህ ነው።

ጋን ከሆነ አፉን በንጹሕ ጨርቅና በክዳን ሸፍናችሁ በጭቃ ምረጉት፤ ባልዲ ከሆነ በቱቦው ዝጉት። 7 ቀን። በየቀኑ እየከፈቱ ማየት አየር ያስገባል፤ አየር ደግሞ የሆምጣጤ ባክቴሪያ ወዳጅ ነው። በቱቦው የሚወጣው አረፋ ከፍጥነቱ ወርዶ በደቂቃ አንድ ሁለት ሲሆን፣ የተነፋው ድፍድፍም ሲጎድል ደርሷል። ጋን የምትጠቀሙ ጆሯችሁን ሆዱ ላይ ለጥፋችሁ አዳምጡ፤ ጫጫታው ወደ አልፎ አልፎ ቡልቅታ መውረድ አለበት።

4. ውሃ መሙላትና ማጥለል

10 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ጨምራችሁ አማስሉና መልሳችሁ ዝጉት። መፍላቱ ለአንድ ቀን እንደገና ይነሣል። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ አተላው ወደ ታች ይወርዳል። ሳትነቀንቁ ከላይ ቀድታችሁ መጀመሪያ በወንፊት፣ ቀጥሎ በእጥፍ አቡጀዲ አጥልሉት። ጨርቁን አትጭመቁ፤ ጭማቂው ጠላውን ያደፈርሰዋል፣ የጌሾውንም ክፉ ምሬት ያወጣዋል። ጉሽ የሚወድ ጨርቁን ትቶ በወንፊት ብቻ ያሳልፈው።

ተራ ጠላ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ አልኮል አለው። ፍልተር የሚባለው ጠንካራው ዓይነት ከ5 እስከ 6 በመቶ ይደርሳል። ፍልተር የሚፈልግ በ10 ሊትሩ ፈንታ 6 ሊትር ውሃ ጨምሮ 3 ቀን ያቆየው። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን አይመከርም፤ ስሕተት ሁሉ በወፍራሙ ላይ ጎልቶ ይሰማል።

የሚበላሸውና ምክንያቱ

ሆምጣጤ የሆነ ጠላ አየር ገብቶበታል፦ ክዳኑ ላልቷል፣ ወይም ከተጠለለ በኋላ ግማሽ በተሞላ ዕቃ ውስጥ ከርሟል። ወደ ኋላ አይመለስም። ቀለል ያለ ኮምጣጣነት ግን ጥፋት አይደለም፤ ያ እርጎን የሚያኮመጥጠው ዓይነት ባክቴሪያ ሥራ ነው፣ የጠላም ጠባይ ነው። ልዩነቱን በአፍንጫ ትለዩታላችሁ። ሆምጣጤው አፍንጫን ይወጋል፣ ሌላው ምላስ ላይ ብቻ ይቀራል።

ከመጠን በላይ የመረረ እንደሆነ ጌሾው በዝቷል፣ ወይም ጥንስሱ ከ6 ቀን በላይ ቆይቷል። በሚቀጥለው ቅጠሉን ወደ 150 ግራም አውርዱ። ያሁኑን ለማዳን ስኳር አትጨምሩበት፤ ስኳሩ እንደገና ያፈላዋል እንጂ ምሬቱን አይነካውም።

ጣፋጭና ሰነፍ ከሆነ እርሾው ደክሟል፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ትኩስ እንኩሮ ነው። ውሃ ውሃ የሚልና የማይጣፍጥ፣ የማይመርም ከሆነ ደግሞ ብቅሉ ሞቷል።

ድፍድፉ ላይ የሚታይ ስስ ነጭ ሽፋን አየር የወደደ እርሾ ነው፤ በማንኪያ ግፈፉትና ክዳኑን አጥብቁ። ጠጉር ያለው፣ ቀለም ያለው ሻጋታ ከሆነ ግን ድፍድፉ በሙሉ ይደፋል። ከሥሩ ያለው ንጹሕ ይመስላል ብላችሁ አትጠቀሙበት።

በውጭ አገር የምትጠምቁ

ጌሾና ብቅል በአበሻ ሱቆች ይገኛል። ብቅል ካጣችሁ የቢራ መጥመቂያ ዕቃ ከሚሸጥበት ፈዛዛውን የገብስ ብቅል ግዙ፤ ኢንዛይሙ ሙሉ ነው፣ ያለ ችግር ይተካል። የጠቆረውንና የካራሜል መልክ ያለውን አትግዙ፤ ሙቀት ኢንዛይሙን ጨርሶታል፣ ለቀለም እንጂ ለጠላ አይሆንም። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን የሚሸት ከሆነ 15 ደቂቃ ክፍት ድስት ውስጥ አፍሉት። ማሞቂያ ባለበት ቤት ሙቀቱ ከ24 ዲግሪ ካለፈ ዕቃውን ከራዲያተሩ አርቁት፤ ሲሞቅ የሚያኮመጥጠው ባክቴሪያ እርሾውን ይቀድመዋል።

ሕጉን እወቁ። በአሜሪካ የፌደራል ሕግ ለአዋቂ ሰው ለቤት ፍጆታ መጥመቅን ፈቅዷል፤ በዓመት አንድ አዋቂ ላለበት ቤት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ላሉበት 200 ጋሎን ነው። መሸጥ ግን ክልክል ነው። በሳዑዲ ዓረቢያና በኩዌት መጥመቁ ራሱ ወንጀል ነው፣ ያሳስራልም፤ እዚያ ያላችሁ ይህን አትሞክሩት።

ማቆየት

የተጠለለውን ጠላ እስከ አፉ በተሞላ ዕቃ፣ በቀዝቃዛ ቦታ አኑሩት። ከማቀዝቀዣ ውጭ ከ3 እስከ 5 ቀን ጥሩ ነው፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ 10 ቀን ያህል ይቆያል። በፕላስቲክ ጠርሙስ ካደረጋችሁት በየቀኑ ጎኑን ጫን እያላችሁ እዩ፤ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ክዳኑን ቀስ ብላችሁ አላሉት። በመስታወት ጠርሙስ አጥብቃችሁ አትክደኑ።

አተላው ላይ በዚያው ቀን 4 ሊትር ውሃ ጨምራችሁ አሳድሩት፤ በማግስቱ ቅራሪው ይጠለላል፣ በዚያው ቀንም ይጠጣል። የቀረው አተላ ለከብት ይሆናል። አዲስ ጋን ለመግዛት ያሰበ ግን ሁለት ጣሳ ያስቀር፤ ለማሟሸት ያስፈልገዋል።